አባት ለመሆን ስፈተን

እኔ በዕድሜዬ ብዙ ጥያቄ ተጠይቄአለሁ። ጨው ጭኜ ከአሊዩ አምባ ስመላለስ በየኬላው «በቅሎዋ የማን ናት?» ተብያለሁ። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ደግሞ ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ፣ ጠመንጃ ደብቀሃል ወይ፣ ጫካ የገባ ዘመድ አለህ ወይ ተብያለሁ። ለሁሉም እንደ ምንም መልስ ፈልጌለት አልፌአለሁ። «አባት መሆን ትችላለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን እስከዚያ ጊዜ ድረስ አልነበረም። ደግሞስ ማን ይጠይቃል? እኛ አገር ሰው ተፈትኖ አይደለም አባት የሚሆነው። ተፈትኖ ቢሆን ኖሮ የእኛ ሰፈር ባዶውን ይቀር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስቴ ዘሃራ አንዲት የአክስት ልጅ ነበረቻት። ከባሏ ጋር ጣሊያን ከደብረ ሲና ወደ ደሴ በሚያስጠርገው መንገድ ሥራ ገብተው፣ ሸዋ ሮቢት አጠገብ ካለው የሠራተኞች ሰፈር ይኖሩ ነበር። ባልየውን ድንጋይ በባሩድ ሲያፈርሱ ናዳ ተጫነው። እሷን ደግሞ ክረምቱ እንደወጣ ወባ ጣላትና በካሚዮን ጭነው ወደ ሐኪም ቤት ወሰዷት፤ ከዚያ አልተመለሰችም፤ አላህ ይርሐማት። ከሁለቱ የቀረችው አንዲት ልጅ ናት። ከዲጃ ትባላለች። አምስት ዓመት ቢሆናት ነው።

እኔና ዘሃራ ልጅ የለንም። ያልተሳልንበት ቦታ፣ ያልጠጣነው ሥር፣ ዱዓ ያላስደረግነው ሼህ የለም። ስለዚህ መርዶው የደረሰን ዕለት ዘሃራ አለቀሰች፣ አለቀሰች፣ ከዚያም ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ፣

«ተነስ፣ ልጅቷን አምጣት» አለችኝ።

ተነሳሁ። የገዛ ሥጋችን ናት፤ ማን ይከለክለናል? በቅሎዬን ጭኜ ስሄድ፣ ልጅቷን ከፊቴ አስቀምጬ እያዘፈንኳት ስመለስ ይታየኝ ነበር። የሰፈሩ ዘበኛ ግን ጦሩን አግድሞ፣ «መጀመሪያ ዶቶሬን አስፈቅድ» አለኝ።

ዶቶሬ የሚሉት የሠራተኞቹ ሐኪም ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የእኛ አገር ሙቀት ፊቱን እንደ በርበሬ ያቀላው ጣሊያን ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ እግሩን ሳፋ ውኃ ውስጥ ነክሯል። አጠገቡ አስተርጓሚው አቶ ዘነበ ቆሟል። እንግዲህ የመከራዬ ምንጭ አቶ ዘነበ ነውና ጥቂት ልንገራችሁ። ሰውዬው ደግ ነው፤ ክፋት የለበትም። ነገር ግን የጣሊያንን ቋንቋ የተማረው በመኮንኖቹ ወጥ ቤት ሽንኩርት ሲልጥ ነው። ስለ ምግብ ከሆነ እንደ ጣሊያን ይናገራል። ከወጥ ቤት የወጣ ነገር ሲመጣ ግን ያንኑ የወጥ ቤቱን ቃል እንደምንም አጣሞ ይጠቀምበታል።

«ዶቶሬ ልጅቷን ለምን ትፈልጋታለህ ይላሉ» አለኝ።

«ልናሳድጋት ነዋ!»

አቶ ዘነበ ትንሽ አሰበና ተረጎመ። የዶቶሬ ዓይን ፈጠጠ። እግሩን ከሳፋው አወጣ። ኋላ እንደሰማሁት፣ አቶ ዘነበ «ማሳደግ» የሚለውን ቃል ስላላገኘው፣ በግ ለበዓል ሲቀለብ የሚባለውን ቃል ነበር የሰጠው። ዶቶሬ ከላይ እስከ ታች አየኝ። እኔ ደግሞ ደግ ሰው ለመምሰል ብዬ ጥርሴን ሁሉ አሳይቼ ሳቅኩለት። አሁን ሳስበው ያ ሳቅ ምንም አልጠቀመኝም።

ዶቶሬ መናገር ጀመረ፤ አላቆምም አለ። አቶ ዘነበም ላቡን እየጠረገ ይከተለዋል።

«እንደ እሷ ያሉትን ልጆች መንግሥት በካሚዮን አዲስ አበባ ይወስዳቸዋል፤ እዚያ የሚቀመጡበት ቤት አለ ይላሉ። ዘመድ ነኝ የሚል ካለ ግን ይፈተናል። ቤቱ ይታያል፤ ግድግዳው በኖራ መቀባት አለበት። ልጅቷም ከፍየል ተለይታ ለብቻዋ መጣድ አለባት።»

«መጣድ?»

«መተኛት። አልጋ ላይ። አጎበር ተደርጎላት። በየቀኑ በሳሙና ትዘፈዘፋለች።»

«ትታጠባለች ማለትህ ነው?»

«እሱን ነው ያልኩህ። ከገበያ እስከ ገበያ እናንተ ዘንድ ትቆይና ዶቶሬ መጥተው ያዩአታል። ካላማራቸው ይዘዋት ይሄዳሉ።»

ቤቴ ስገባ ለዘሃራ ሁሉንም ነገርኳት። ስትስቅ ቆየች፤ እየቀለድኩ መስሏት ነው። እውነት መሆኑን ስታውቅ መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«እኔን እናቴ ስትወልደኝ ማን ፈተናት?» አለች።

«ማንም።»

«አየህ? ሳትፈተን ነው ሰባት ያሳደገች!» አለችና ተነስታ ጓዳውን መጥረግ ጀመረች። ዘሃራ እንዲህ ናት፤ ስትናደድ ትጠርጋለች።

ሸዋ ሮቢት ከተማ ውስጥ ሱቅ ያላቸው ወዳጃችን እትዬ ደስታ ይህን ሰምተው እግዜር ይስጣቸው ፈጥነው ደረሱልን። ጣሊያን ምን እንደሚወድ አውቃለሁ ባይ ናቸው፤ ሳሙና ስለሚሸጡለት ነው። በመጀመሪያ ኖራውን ሰጡኝ። «ውኃ እየጨመርክ በጥብጠህ ቀባው» አሉኝ። ከዚያ በላይ አልነገሩኝም። ኖራ ውኃ ሲነካው እንደሚፈላ ማን ያውቃል? እንስራው ውስጥ ገልብጬ፣ ውኃውን ለቅቄ፣ ጎንበስ ብዬ ስመለከት ዱክ ዱክ ብሎ ገነፈለ። እኔ ወደ ኋላ፣ እንስራው ወደ ፊት፣ ጥቁሯ ፍየላችን ደግሞ በመካከላችን። ለግድግዳው የደረሰው የተረፈው ብቻ ነው። እጄ ሲላጥ ሰነበተ። ፍየሏን ግን ብታዩአት! ጎረቤቶቻችን ነጭ ፍየል ገዛችሁ ወይ እያሉ እንኳን ደስ አላችሁ ብለውናል።

አልጋው ቀጠለ። እትዬ ደስታ የራሳቸውን የሽቦ አልጋ አዋሱን። አምስት ሰው ተሸክሞ አመጣውና የቤታችን በር ላይ ስንደርስ አልጋው አልገባም አለ። በቁሙ ሞከርነው፣ በጎኑ ሞከርነው፣ አዙረን ሞከርነው። ሁሉም ሰው አዛዥ ሆነ። «ወደ እኔ!» ይላል አንዱ፤ «ወደ ላይ!» ይላል ሌላው። እኔ ከውስጥ ሆኜ እስበዋለሁ። በመጨረሻ ተሰብስበው አንዴ ሲገፉት አልጋው ገባ፤ የበሩ መቃንና ያን ያህል የተላጥኩበት ግድግዳ እኩሌታም አብረውት ገቡ። ስለዚህ እንደገና ጭቃ ረገጥን፣ እንደገና መረግን፣ እንደገና ኖራ። በዚህኛው ጊዜ ፍየሏ ራሷ ኖራውን ስታይ ወንዝ ተሻገረች።

አጎበሩንስ ብነግራችሁ! ከዚያ በፊት አይተን አናውቅም። ዘሃራ ለሙሽራ ዓይነ ርግብ የመጣ መሰላትና፣ «ለዚች ሕፃን ገና በዚህ ዕድሜዋ?» ብላ ደነገጠች። ልሞክረው ብዬ ውስጡ ገባሁ። መግባቱ ቀላል ነው። ለመውጣት ግን አፉን ባጣው ጊዜ ዞርኩ፣ ስዞር ተጠመጠመብኝ፣ ስጠመጠም ወደቅኩ። ዘሃራ እየሳቀች በመቀስ ልትደርስልኝ ስትል እትዬ ደስታ «የተዋስኩት ነው፣ እንዳትቆርጪው!» ብለው ጮኹ። እንደ ቂጣ እያገላበጡ ፈቱኝ።

ከዚያ ከዲጃ መጣች።

አቶ ዘነበ እጇን ይዞ በር ላይ አደረሳት። ትንሽ፣ ከሲታ፣ ትልልቅ ዓይን ያላት ልጅ ናት። አትናገርም። እናቷ ከሄደች ወዲህ አንዲት ቃል ከአፏ አልወጣችም አለን። ዘሃራ ልታቅፋት ስትጠጋ ወደ ኋላ ሸሸች። እኔ ደግሞ አዋቂ ነኝና ተንበርክኬ ጉንጯን ቆንጠጥ ሳደርጋት እጄን ነከሰችኝ። ያንኑ ኖራ የላጠውን እጅ።

«ጥርሷ ደህና ነው፤ ዶቶሬ ሲጠይቁህ ይህን ንገራቸው» አለኝ አቶ ዘነበ እየሄደ።

በሳምንቱ ውስጥ ያላየነው የለም። ሳሙናውን ከቤታችን ጀርባ ለሚፈሰው ለሮቢ ወንዝ ሰጠችው። አልጋው ላይ አልተኛም ብላ ከአልጋው ሥር ተኛች፤ እኛም አጎበሩን ወደ ታች እየጎተትን አልጋውን ሳይሆን እግሩን አለበስነው። የሽንኩርት ቦዬን ከፍታ ውኃውን በሙሉ ወደ ጎረቤት ማሳ ለቀቀችው፤ ጎረቤቴ «አላህ ይስጥህ፣ እንዴት ያለህ ደግ ነህ» ብሎ አመሰገነኝ፤ ምን እላለሁ? አሜን አልኩ። ላጫውታት ብዬ ያላደረግኩት ነገር የለም። እንደ በቅሎ አናፋሁ። እንደ ዝንጀሮ ዘለልኩ። እንዲያውም አንድ ቀን ቅል ራሴ ላይ ደፍቼ ግቢውን ስዞር የመስጊዱ ኢማም ገቡ። ልጅቷ ሁሉንም ዝም ብላ ታየኛለች። የምታየኝ ታሞ እንደሚለፈልፍ ሰው ነው፤ በትዕግሥት።

አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ። በየጧቱ ሹልክ ብላ ትወጣና ከቤታችን ፊት ባለው የካሚዮን መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። ካሚዮን ሲመጣ ትነሳለች፤ ቆሞ ሰው ሲያወርድ አንገቷን አስግጋ አንድ በአንድ ታያቸዋለች። ካሚዮኑ ሲሄድ መልሳ ትቀመጣለች። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ኋላ ግን ገባኝ፤ እናቷን እየጠበቀች ነው። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አላናፋሁም፣ አልዘለልኩም። ዝም ብለን አቧራውን ስናይ አረፈድን። ከዚያ ወዲያ በየጧቱ ሁለታችን ሆንን። አልነከሰችኝም፤ ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ቤቱ ነጭ፣ ግቢው የተጠረገ፣ አልጋው የተነጠፈ፣ አጎበሩ የተወጠረ። ዘሃራ ልጅቷን አጥባ፣ ቅቤ ቀብታ፣ አዲስ ቀሚስ አልብሳታለች። እትዬ ደስታ ሊያስጠኑኝ ከማለዳ ጀምሮ እየተከተሉኝ ነው። «ልጅ ሲያጠፋ ምን ታደርጋለህ ካሉህ፣ እመክራለሁ በል። ትገርፋለህ ወይ ካሉህ፣ አልገርፍም በል። ብቻ አትሳቅ! ስትስቅ ታስፈራለህ።»

የካሚዮኑ ድምፅ ተሰማ። ዶቶሬ ወረደ፣ አቶ ዘነበም ተከተለው። ዶቶሬ ግድግዳውን በጣቱ ነካ፤ ጣቱን አየ፤ ራሱን ነቀነቀ። አልጋውን ተጫነው፤ አልጋው ሲጢጥ አለ እንጂ አልወደቀም። አጎበሩን ሲያይ ፈገግ አለ። ዘሃራ ከጎኔ ሆና ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ደስ ብሏት ነው። ከዚያ ዶቶሬ አንድ ነገር ጠየቀ።

«ዋናው ወጥ የት አለ ይላሉ» አለ አቶ ዘነበ።

«ምን?»

«ልጅቷ! ልጅቷ የት አለች?»

ልጅቷ የለችም። ጓዳ የለችም፣ አልጋ ሥር የለችም፣ መንገድ ዳር የለችም። ዘሃራ «ያ አላህ!» ብላ ወደ ወንዙ ሮጠች። ወንዝ ነዋ! እኔም ተከትያት ስሮጥ ዘሃራ ቆማ ወደ ላይ ስታይ ደረስኩ። ከቤታችን ጀርባ፣ ወንዙ ዳር፣ እድሜ ጠገብ የሮቃ ዛፍ አለ። ከጫፉ፣ ቅጠሉ መሃል፣ አዲሱ ቀሚስ ይታያል።

ዘሃራ ለመነቻት። እትዬ ደስታ ስኳር አሳዩአት። ዶቶሬ ባርኔጣውን አውልቆ አውለበለበላት። ጭራሽ ወደ ላይ ከፍ አለች። ዶቶሬ ወደ እኔ ዞሮ ፊቱን አኮሳትሮ ተናገረ፤ ይህን አቶ ዘነበ ባይተረጉመውም ገብቶኛል። ልጅ መጠበቅ የማይችል ሰው ነህ ነው የሚለኝ። ከካሚዮኑ ሾፌሩ ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ።

እንግዲህ እኔ የዚህ አገር ሰው ብሆንም ከፍታ እፈራለሁ። የአንኮበርን ቁልቁለት ስወርድ ዓይኔን ጨፍኜ የበቅሎዬን ጭራ ይዤ ነበር። ያ የተከፈተ በር ግን ከቁልቁለት ሁሉ ባሰብኝ። ጫማዬን አውልቄ «ቢስሚላህ» ብዬ ወጣሁ። እንዴት እንደወጣሁ አትጠይቁኝ። ሱሪዬ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ቀርቷል፤ ከፊሉ ማለቴ ነው። አጠገቧ ደርሼ ግንዱን አቅፌ ሳለከልክ ከዲጃ ትኩር ብላ አየችኝ።

«ከዲጃዬ፣ ነይ እንውረድ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። በቅጠሉ መሃል ወደ ካሚዮኑ ጠቆመችኝ።

«እሱ ሲሄድ» አለች።

ድምፅዋን ስሰማው ያ የመጀመሪያዬ ነው። ቀጭን፣ ትንሽ ጎርነን ያለ ድምፅ። ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

«እማዬን የወሰዳት እሱ ነው። እሱ ላይ የወጣ አይመለስም» አለች።

ምን ልበላት? ይመለሳል ብዬ ልዋሻት?

«እንግዲያው እዚሁ እንቀመጥ» አልኳት። «እስኪሄድ። አንቺን ብቻሽን ማንም አይወስድሽም፤ እኔ አለሁ።»

ይህን የመሰለ የጀግና ቃል ተናግሬ ሳበቃ ምን ብሎኝ ነው ወደ ታች የማየው? አየሁ። ዶቶሬ የማሽላ ፍሬ አክሏል። ወንዙ የበቅሎ ልጓም ይመስላል። ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ ቅርንጫፉ፣ ከዚያ ሮቃው በሙሉ። ፍሬው እንደ ዝናብ ረገፈ። ከታች አቶ ዘነበ ይጮሃል።

«ዶቶሬ ከእሳቱ ላይ አውርዳት እያሉ ነው! ያርራል እያሉ ነው!»

«መውረድ አልችልም!» ብዬ ጮኽኩ። ይህም ተተርጉሞ ይሆናል። አላውቅም።

ያኔ ትንሽ እጅ ትከሻዬን ነካኝ።

«አይዞህ» አለችኝ ከዲጃ። «ወደ ታች አትይ። እኔን እይ።»

ልብ በሉ፣ አንቱ አላለችኝም። ልክ ናት፤ አንቱታ መሬት ላይ ለቆመ ሰው ነው። ከእኔ በታች ወረደችና ቁርጭምጭሚቴን ያዘች።

«ይሄን እግርህን እዚህ አድርግ። አይ፣ ሌላኛውን። ጎበዝ። አሁን በእጅህ ያንን ያዝ። ጎበዝ!»

እንዲህ እያለች፣ እየደጋገመች ጎበዝ እያለች፣ አንድ በአንድ አወረደችኝ። ካሚዮኑ እዚያው እንደቆመ ረስታው ነበር። እግሬ መሬት ሲነካ ዘጭ አልኩ። ዘሃራ ሁለታችንን አንድ ላይ አቅፋ ታለቅሳለች፤ እትዬ ደስታ የተቀደደው ሱሪዬ ላይ ነጠላቸውን ጣሉብኝ።

ዶቶሬ ቀስ ብሎ መጣና ከዲጃ ፊት ቁጢጥ አለ። በለሰለሰ ድምፅ ጠየቃት። አቶ ዘነበ፣

«እዚህ መቅረት ትፈልጊያለሽ ወይ ይላሉ» አላት። ይህን ቀጥ አድርጎ ተረጎመው፤ አላህ ይስጠው።

ከዲጃ ካሚዮኑን አየች። ዘሃራን አየች። ከዚያም የእኔን ጉልበት አየች፤ ገና ይንቀጠቀጣል።

«እኔ ከሄድኩ ማን ያወርደዋል?» አለች።

አቶ ዘነበ ያንን እንዴት እንደተረጎመው አላውቅም፤ ነገር ግን የወጥ ቤት ቃል የነበረበት አልመሰለኝም። ዶቶሬ ጉልበቴን ትክ ብሎ አየ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። የቀላው ፊቱ እስኪጠቁር ሳቀ፤ ባርኔጣው ወድቆ ተንከባለለ፤ ሾፌሩም፣ አቶ ዘነበም፣ እትዬ ደስታም ተከተሉት። ዓይኑን እየጠረገ ከኪሱ ወረቀት አወጣ፤ ካሚዮኑ ላይ አስደግፎ ጻፈ፤ ማኅተሙን መታበት።

«ፈቃዱ ተሰጥቷል» አለ አቶ ዘነበ ደረቱን ነፍቶ።

«አልሐምዱሊላህ!» አልኩና ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ። ዶቶሬ ግን አልፎኝ ወረቀቱን ለከዲጃ ሰጣት።

«ለእሷ ነው» አለኝ አቶ ዘነበ። «ዶቶሬ የሚሉት፣ ልጅቷ አንተን ማሳደግ እንደምትችል በዓይናቸው አይተዋል።»

ይህኛውን ትርጉም እስከ ዛሬ እጠራጠረዋለሁ። ዘሃራ ግን ምንም ስህተት የለበትም ትላለች።

ካሚዮኑ ባዶውን ሄደ። ከዲጃ አቧራው እስኪጠፋ ድረስ ቆማ አየችው፤ ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ቤት አስገባችኝ። ያ ሁሉ መከራ ያየንበት የሽቦ አልጋ ባዶውን ተነጥፏል። በጀርባዬ ተንጋለልኩበት። እግሬ ያልተላጠበት ቦታ የለም። ዘሃራ ገንፎ ይዛ መጥታ ልታነሳኝ ስትል፣ ከዲጃ እጇን አፏ ላይ አድርጋ «እሽሽ» አለቻት።

«ተይው አክስቴ፣ ይተኛ። ዛሬ ደክሞታል» አለች።

ከዚያም አጎበሩን በእኔ ላይ ዘርግታ ጠርዙን አንድ በአንድ ወተፈችና፣ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ «ዓይንህን ጨፍን» አለችኝ።

እኔም ታዛዥ ልጅ ነኝና፣ ጨፈንኩ።